ያልተቀመሰው ቸኮሌት

ሰሎሜ ቸኮሌት ስትሰብር ያያት ሰው ለበዓል ስጦታ የምታዘጋጅ አይመስለውም። ትሪው ላይ የረጋውን በዘነዘና ትደበድበዋለች እንጂ አትሰብረውም። ጎረቤቷ ራቢያ ኧረ ቀስ በይ፣ ዱቄት ልታደርጊው ነው ወይ ብትላትም አልሰማቻትም። ምን ታድርግ፣ በዚያን ቀን እጇ ላይ የነበረው ጉልበት የፍርሃት ጉልበት ነው። ከሰዓት በኋላ ወንድሟና ባሏ ይታረቃሉ፤ ካልታረቁ ደግሞ አንዳቸው ይሞታል። ነገሩ እዚያ ደርሷል፤ ሌላ መውጫ አልነበረውም።

ባሏ ፍሰሐ የእህል መኪና ሹፌር ነው። ደግ ሰው ነው፤ ሲጠጣ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ወንድሟ ፊሊጶስ ደግሞ ከአሰላ ከፍ ብሎ፣ ወደ ጭላሎ ተራራ መውጫው ላይ ገብስ ያርሳል። ባለፈው ግንቦት ዘመድ ልጁን ዳረ ተብሎ ሁለቱም ከሰሎሜ ጋር ሲሬ ከተማ ወረዱ። ጠጡ፣ ተቀላለዱ፣ ቀልዱ ከረረ። ፍሰሐ ዱላውን አነሳና የሚስቱን ወንድም ፊቱ ላይ አሳረፈበት። የመታው አንዴ ነው፤ አንዴውም በቃ። ፊሊጶስ መሬት ላይ እየተንከባለለ ግራ ዓይኑን በመዳፉ ጨመቀ፤ በጣቶቹ መሃል ደምና ሌላ ነገር ፈሰሰ። ሙሽራዋ ቬሎዋ ላይ ደም ተረጭቶባት በመዳፏ ትጠርገዋለች። ሰሎሜ መሃል ላይ ቆማ ወደ ወንድሟ ትሩጥ ወደ ባሏ ጠፍቷት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሰላም የሚባል ነገር አላዩም። ፊሊጶስ ካሳም ፍርድም አልፈልግም፣ የምፈልገው ነፍሱን ነው አለ። ለአፉ ነው፣ ይበርድለታል ተባለ፤ አልበረደለትም። ኅዳር ላይ በጠዋት ፍሰሐ ጎንበስ ብሎ ጎማ ሲያይ ከኋላው መጥቶ ትከሻውን በገጀራ ከፈተው። የለበሰው ወፍራም ካፖርት ባይኖር ኖሮ እጁ እዚያው ይቀር ነበር። በሌላ ቀን የመኝታ ቤታቸውን መስኮት በድንጋይ አረገፈው። ቀጥሎ ውሻቸውን አርዶ ደጃፍ ላይ ጣለው። ሰሎሜ ደሙን በባልዲ ውሃ ስታጥብ፣ ይሄን ያደረገው አብሮኝ ያደገ ልጅ ነው እያለች ታለቅሳለች። ፍሰሐ ግን አልከሰሰም። የሰው ዓይን አጥፍቼ በምን አፌ እከሳለሁ አለ፤ መጠጡንም ከሠርጉ ቀን ጀምሮ እርም አለ።

በመጨረሻ ኦቦ ዲሪባ ገቡበት። ኦቦ ዲሪባ ሁለቱም ቤት የሚከበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ አንድ ወር ሙሉ ዳገቱን ሲወጡ ሲወርዱ ጉልበታቸው አለቀ። ፊሊጶስ መጀመሪያ ሰደባቸው፣ ቀጥሎ አለቀሰባቸው፣ በኋላ ተረታ። እንግዲያው ፍሰሐ በገና ዋዜማ ድንጋይ ተሸክሞ ይምጣ አለ። እህቴም ያንን ቸኮሌቷን ሠርታ ትምጣ፤ በእጇ ካጎረሰችኝ ድንጋዩን አውርድ እለዋለሁ፣ ያን ጊዜ ነገሩ ያልቃል አለ።

ያ ቸኮሌት የሚባለው ነገር በሰፈሩ የታወቀ ነው። ሰሎሜ ሳታገባ አዳማ ኬክ ቤት ስትሠራ ነው የለመደችው። ቸኮሌቱን በእንፋሎት ታቀልጥና የዱቄት ወተት ትጨምርበታለች፤ ትሪ ላይ በስሱ ታፈስሰዋለች፤ ሳይረጋ የተቆላ ኦቾሎኒ፣ ሰሊጥና የአርሲን ገብስ ቆሎ ትነሰንስበታለች። ፍሪጅ አያሻውም፤ የአሰላ ብርድ በረንዳ ላይ በአንድ ሰዓት ያደርቀዋል። ከዚያ ሰባብራ በየካርቶኑ ታደርግና ጥብጣብ አስራ በገና ለጎረቤት ለዘመድ ታድላለች። ፊሊጶስ በደጉ ጊዜ የእሱን ካርቶን እዚያው በቁሙ ጨርሶ የሌላውን ይሰርቅ ነበር።

ችግሩ ወተቱ ነው። ቸኮሌቱ የሚሠራው በገና ጾም ስለሆነ ሰሎሜ የሠራችውን ራሷ አትቀምሰውም። በየዓመቱ የምትቀምስላት ራቢያ ናት። እስላም ናት፣ ጾሙ አይመለከታትም፤ ስኳር ጎደለው፣ ቆሎው አረረ፣ ይቺ ደግሞ ምነው ጨው ጨው አለች እያለች ትፈርዳለች። በዚያን ቀን ቀምሳ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ እንዲህ ያለ ሠርተሽ አታውቂም አለቻት። ሰሎሜ ደስ አላት። ዘንድሮ ጾሙን የያዘችው በስለት ነው፤ ዓሣ እንኳ ትታ፣ ጌታዬ እነዚህን ሁለት ሰዎች ብቻ አስታርቅልኝ፣ አንዲት ቀን ሳላጎድል እፈጽምልሃለሁ ብላ። ከአርባ ቀን በላይ አንዲት ጠብታ ሳትነካ እዚህ ደርሳለች። የቀራት አንድ ሌሊት ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዳገቱን ወጡ። ኦቦ ዲሪባ ከፊት፣ ሰሎሜ ካርቶኗን ታቅፋ ከመሃል፣ ፍሰሐ ከኋላ። ፍሰሐ በሩ ጋ ሲደርሱ አንድ ትልቅ ድንጋይ አንስቶ ማጅራቱ ላይ አደረገና በሁለት እጁ ይዞ ጎንበስ አለ። ሕጉ ይሄ ነው፤ ተበዳዩ አውርድ እስኪል ቀና አይባልም፣ እጅም አይለቀቅም። የተሰፋው ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ግቢው ውስጥ ቆመ። ሰሎሜ ከጎኑ ስታልፍ አይዞህ፣ አሁን ያልቃል አለችው።

ፊሊጶስ ቤት ውስጥ ብቻውን ተቀምጧል። ለነገው እርድ የተሳለ መጥረቢያ በሩ ጥግ ተደግፏል፤ ኦቦ ዲሪባ አዩትና አልፈውት ገቡ። ሰሎሜ ወንድሟን በዚህ ቅርበት ካየችው ሰባት ወር ሆኗታል። የጎደጎደውን ዓይኑን ስታይ እግሩ ላይ ወድቃ አለቀሰች፤ እሱም ፀጉሯን ዳበሰ። ኦቦ ዲሪባ እፎይ አሉ። ካርቶኑ ተከፈተ። ሰሎሜ ትልቁንና ቆሎ የበዛበትን ቁራሽ መርጣ ወደ አፉ ዘረጋች።

ፊሊጶስ አፉን ሊከፍት ሲል እጇን ያዘው።

"ቅመሺልኝ" አላት።

ክፉ አስቦ አልነበረም። በእኛ አገር ያቀረበ ሰው ይቀምሳል፤ ጠላ እንኳ የሚቀዳ ሰው በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይጠጣል። ደም በተቃቡ ሰዎች መሃል ደግሞ መርዝ ይፈራልና ሳይቀመስ የሚጎረስ ነገር የለም። ይሄን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ሰሎሜም ታውቀዋለች፤ ግን አይ ሰሎሜ፣ ስለ ስኳሩ ስለ ጥብጣቡ ስትጨነቅ ይቺን አንዲት ነገር አላሰበቻትም። ቁራሹን እንደያዘች ክው አለች። ስለቷ መጣባት። አሁን ከገደፍኩ እርቁን የሰጠኝ አምላክ እርቁን ይወስድብኛል አለች በሆዷ። ከባሏ ነፍስና ከጾሟ ልትመርጥ አይደለም፤ ለእሷ ሁለቱ አንድ ነበሩ። ለዚህ ነው የዘገየችው።

"ጾም ላይ ነኝ፣ ወተት አለው" አለች በመጨረሻ።

የፊሊጶስ ፊት ተለወጠ። እጇን ለቀቀው። "ባልሽን ለማዳን አንዲት ቁራሽ መቅመስ አቃተሽ?" አላት በቀስታ። "ዓይኔ አልበቃ ብሏችሁ ነው?"

ኦቦ ዲሪባ ማሎ፣ እባክህ፣ እኔ ልቅመስ ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ፊሊጶስ ደረታቸውን ገፍቶ ከነወንበራቸው ጣላቸው። ያን ጊዜ ሰሎሜ ቁራሹን እንዳለ አፏ ውስጥ ከተተችው፤ እሱ ግን ጀርባውን ሰጥቷታል። መጥረቢያውን ይዞ ወጣ። ልትጮህ አፏን ብትከፍት ቸኮሌቱ ላንቃዋ ላይ ተጣብቆ ድምፅ አሳጣት። ተከትላው ሮጠች።

ፍሰሐ እግር ሲሰማ አውርድ ሊለኝ መጣ ብሎ ይበልጥ ጎንበስ አለ። እጆቹ ድንጋዩን ይዘዋል፤ ራሱን አልተከላከለም። የመጀመሪያው ጎኑ ላይ ገባ፣ ሁለተኛው ጆሮው ሥር። በጉልበቱ ሲወርድ እንኳ ድንጋዩን አልለቀቀም፤ በግንባሩ ሲደፋ ነው ድንጋዩ የተንከባለለው። ሰሎሜ ወንድሟን ከኋላ ወገቡን ያዘችው፤ በክርኑ አፍንጫዋን ሰበረው። ለሦስተኛ ጊዜ አንስቶ መታው። አራተኛ አላስፈለገም።

ኦቦ ዲሪባ እየተንፏቀቁ በሩ ላይ ደርሰው ራሳቸውን ይዘው ተቀመጡ። ሰሎሜ ወደ ቤት ተመልሳ ካርቶኑን ይዛ ወጣችና ባሏ ራስጌ ቁጭ አለች። አንድ ቁራሽ አነሳችና በላች። ከአፍንጫዋ የሚወርደው ደም ከቸኮሌቱ ጋር አፏ ይገባል፤ አኘከችው፣ ዋጠችው። ሌላ አነሳች። ሌላ። ዓይኗን ከወንድሟ ላይ አልነቀለችም።

ፊሊጶስ መጥረቢያውን እንደያዘ ቆሞ ጠበቃት። አሁን ሆዷን ትይዛለች፣ አሁን አረፋ ትደፍቃለች፣ አሁን ትወድቃለች ብሎ ጠበቀ። ብዙ ቆመ። እሷ አልወደቀችም። ላቡ መውረድ ጀመረ።

"መቼ ነው የሚይዝሽ?" አላት።

ሰሎሜ ካርቶኑ ውስጥ ፈልጋ ቆሎ የበዛበትን አንድ ቁራሽ አወጣችና ወደ አፉ ዘረጋችለት።

"ቀምሼልሃለሁ" አለችው። "ብላ።"