ሦስት ኢንች ትርፍ

«ለቅሶ ቤት ካውያ ተሰክቶ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው» አሉ እትዬ ቦሰና፣ የመኝታ ቤቱን በር በክርናቸው ገፋ አድርገው። «ሰው እግዜር ያጽናህ ሊልህ መጥቶ አንተ ትተኩሳለህ?»

«መጣሁ እትዬ፤ ትንሽ ነው የቀረኝ።»

«በእህቴ ሣልስት!» ብለው በሩን ሳይዘጉት ሄዱ።

ወንዳፍራሽ በሩን መለስ አድርጎ ወደ አልጋው ዞረ። ሚስቱ ካሳነሽ ከሞተች ሦስተኛ ቀኗ ነው። አልጋው ላይ የተዘረጋው፣ ከመቶ በላይ ቁርጥራጭ ጨርቅ ገጣጥማ የሰፋችው የብርድ ልብስ ፊት ነው። ፊቱን ከጥጡና ከጀርባው ጨርቅ ጋር የምታያይዘው ዙሌይካ ናት፤ ሎንግ ቢች፣ ጋራዧ ውስጥ የጋራዡን ወርድ የሚያህል የስፌት ማሽን አላት። ማሽኑን ሸጣዋለች፤ ሰኞ ገዢው ይወስደዋል። ዛሬ ለለቅሶ ስትመጣ ጨርቁን ይዛ ካልሄደች የሚጨርሰው የለም። ልጁ ሶሊያና ደግሞ ከሆስፒታል ሲመለሱ፣ መኪና ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ነበር የጠየቀችው።

«አባዬ፣ የማሚ ብርድ ልብስ ፊኒሽ ይደረግልኝ። ፕሊስ።»

ዙሌይካ በስልክ ያዘዘችውን ሁሉ ፈጽሟል። የጀርባውን ጨርቅ ተኩሷል፤ ማሽኑ ወጥሮ የሚይዝበት እንዲኖረው በየጎኑ አራት ኢንች ከፊቱ እንደሚተርፍ በሜትር አረጋግጧል። ከፊቱ ሥር የተንጠለጠለውን ክር አንድ በአንድ ለቅሞ ቆርጧል። እንዳታያይዛቸው፣ ስፒልም እንዳትሰካ ብላዋለች፤ አልሰካም። የቀረችው የቀኟ ዳርቻ ናት።

መሃሉን ለካ፤ ሰባ ሁለት ኢንች። የቀኙን ዳርቻ ለካ፤ ሰባ አምስት። በዚያች ሦስት ኢንች ትርፍ የተነሳ ዳርቻው እንደ ሰላጣ ቅጠል ተጥመልምሎ አልተኛም ብሏል። ካውያውን ሲጭነው ይተኛል፤ ሲያነሳው አብሮ ይነሳል። ውሃ ረጭቶ ደገመው። ይባስ ሰፋ።

ከሳሎን ለቅሶ የመጡት ሴቶች ስለ ካሳነሽ ሲያወሩ ይሰማል።

«ዌስትቼስተር፣ ሆቴሉ ውስጥ አለቃዬ ሳለች፣ ያንሶላው ጫፍ ሁለት ጣት ከተዛባ አልጋውን ሙሉ ታስፈታኝ ነበር።»

«እኔ እዚህ ስመጣ እንኳ ነጠላዬን አስተካክዬ ነበር የማንኳኳው።»

«የካሳነሽ እጅ ስቶ አያውቅም!» አሉ እትዬ ቦሰና።

ወንዳፍራሽ መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ። ሃያ ስድስት ዓመት አብረው ሲኖሩ «ተሳሳትኩ» ስትል ሰምቷት አያውቅም። እሱ ሆሊውድ የሰው መኪና ተቀብሎ በማቆም ሥራ የኖረ ሰው ነው፤ እሷ ግን ከመኪናው ወርዳ ጎማውን ካላየች ወደ ቤት አትገባም ነበር። «መስመሩን ረግጠሃል» ትለዋለች፤ ተመልሶ ያስተካክላል።

ይህቺው ሴት አንድ ቀን ከዙሌይካ ጋራዥ ተመልሳ ከመኪና አልወርድም አለች። ወጥቶ ቢያያት ጨርቁን ጭኗ ላይ አድርጋ ትተክዛለች።

«ዙሌይካ ዳሩ ሞገድ ሠርቷል አለችኝ» አለችው። «በሰው ፊት።»

ሁለት ወር ሙሉ ወደ ሎንግ ቢች አልሄደችም። ልትፈታው ስትነሳ ሕመሙ ቀደማት። ሆስፒታል ተኝታ እጁን ይዛ ያለችውም ይህንኑ ነበር። «ያቺን ጎን ፈትቼ ሳልሰፋት ሰው እንዳያያት፣ ወንዴ።»

«አባዬ፣ ዙሌይካ መጣች!» ስትል ሶሊያና ተጣራች።

«አላህ ያጽናችሁ» ይላል የዙሌይካ ድምፅ። ደግሞ ዝግ ብሎ፣ «የፓርኪንግ ሰው ቤት መጥቼ ፓርኪንግ አጥቼ ሦስቴ ዞርኩ።» ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሳቁ።

ወንዳፍራሽ የቀኙን ዳርቻ ወደ ውስጥ አድርጎ አጠፈውና ከጀርባው ጨርቅ ጋር ይዞ ወጣ። እንደታጠፈ ትወስደዋለች ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር።

«ሳላየው አልቀበልም» አለች ዙሌይካ። «አንዴ ማሽን ላይ ከወጣ መመለሻ የለውም።»

ጨርቁ ተዘርግቶ በተቀመጡት ሴቶች ጭን ላይ አረፈ። «ውይ፣ ስታምር!» አሉ። የዙሌይካ እጅ ከግራ ተነስቶ መጋጠሚያዎቹን እየዳበሰ ሄደና ቀኙ ላይ ሲደርስ ቆመ። እትዬ ቦሰና መነጽራቸውን አደረጉ።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው የተጨማደደው?»

ሶሊያና አባቷን አየችው።

«እኔ ነኝ» አለ ወንዳፍራሽ። «ሆስፒታል ሳለች... ያቺን ጎን የሰፋኋት እኔ ነኝ። ላግዛት ብዬ።»

«ድሮም!» አሉ እትዬ ቦሰና፣ ጉልበታቸውን መታ አድርገው። «የእህቴ እጅ እንዲህ አይሠራም! ወንድና መርፌ!»

ሴቶቹ ሳቁ። ዙሌይካ አልሳቀችም። ጣቷን ስፌቱ ላይ እንዳደረገች ወንዳፍራሽን ረዘም አድርጋ አየችው።

«ጋሽ ወንዳፍራሽ፣ ዳር ሲሰፉ መጀመሪያ መሃሉን ነው የሚለኩት» አለች። «ዳሩ የሚቆረጠው በመሃሉ ልክ ነው።»

«እሺ።»

«ትርፉን እኔ ማሽኑ ላይ ቀስ እያልኩ አስገባዋለሁ። ሁለተኛ ግን እንዳይለምድዎ።»

«አይለምደኝም» አለ ወንዳፍራሽ፣ እንደ ተገሠጸ ተማሪ አንገቱን ደፍቶ።