የዴልፊን ባነር

ልጆቼ፣ እዚህ እኛ ሰፈር፣ ማሪኪና፣ ልጅ ፈተና ሲያልፍም ጥሩ ሥራ ሲይዝም ፎቶው በትልቅ ባነር ታትሞ በር ላይ ይሰቀላል። ጎረቤቴ አሊንግ ፓሲንግም የልጇን የዴልፊንን ሰቀለች። «እንኳን ደስ ያለህ! ባለክንፉ ጀግና፣ ክፍል አራት፣ በዚህ ገና!» ይላል። ዴልፊን የካርቱን ፊልም ሠራተኛ ነው። የፊልሙ ባለቤቶች ታሪኩን ከባሕር ማዶ ይልካሉ፤ የጀግናውን ካባ በነፋስ የሚያውለበልበው እሱ ነበር።

ገና መጣ፤ ፊልሙ አልመጣም። ባለቤቶቹ መጨረሻውን ስላልወደዱት እንደገና ይሠራ ብለዋል። አሊንግ ፓሲንግ «ገና» የሚለው ላይ ወረቀት ለጥፋ «ፋሲካ» ብላ ጻፈችበት። ፋሲካም አለፈ፤ በላዩ ሌላ ወረቀት ለጠፈች። የዴልፊን ፎቶ በፀሐይ ነጣ። ልጁ ከሥራ ሲመለስ በዚያ በር አንገቱን ደፍቶ ይገባ ጀመር።

የሰፈሩ ልጆች ደግሞ አይምሩትም። በአፋቸው «ኩያ» ይሉታል፣ ታላቅ ወንድም ማለታቸው ነው፤ በሆዳቸው ግን ይሥቁበታል።

«ኩያ ዴልፊን፣ አሁንም ያው ሰውዬ ነው? አሁንም ከተማ ሊፈርስ፣ አሁንም ሊደርስላቸው?»

«ምን ላድርግ፣ ሥራዬ ነው።»

«ይረፍ በቃ! እኛም እንረፍ!»

በመጨረሻ ፊልሙ ወጣ። አዲሱን መጨረሻ የሠሩት ግን ሌሎች ነበሩ። ዴልፊን የሠራው ካባ ተቆርጦ ወጥቷል፤ ስሙም አብሮ። ይህን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። ለእናቱ ሊነግራት ገባ። እሷ የጎረቤታችንን የማንግ ኡርባኖን ጂፕኒ፣ ያቺን ረጅም የሕዝብ መኪና፣ ለሰፈሩ ሁሉ ሲኒማ መሄጃ ተከራይታ፣ ለመንገድ የሩዝ ኬክ በቅጠል ትጠቀልላለች።

«ናናይ…» አላት።

«ምነው ልጄ?»

«ኬኩን አብዢው።»

ሲኒማ ቤቱ ውስጥ ከእኛ ሌላ በጣት የሚቆጠር ሰው ነበር። ጀግናው ገና ክንፉን ሲዘረጋ ማንግ ኡርባኖ ማንኮራፋት ጀመረ። ፊልሙ አልቆ የሠራተኞቹ ስም መውረድ ሲጀምር አሊንግ ፓሲንግ በክርኗ ጎሸመችው።

«ተነሣ አንተ! የመጣነው ለዚህ ነው!»

«ናናይ፣ እንሂድ…» አለ ዴልፊን።

«ቁጭ በል!»

ስሞቹ ወረዱ፣ ወረዱ። የጽዳት ሠራተኞቹ መጥረጊያቸውን ይዘው በር ላይ ጠበቁን። መብራት በራ። እኔም ጫማዬን ጫማዬን አየሁ።

«ስሙን እኔ አይቼዋለሁ!» አለች አሊንግ ፓሲንግ ድንገት። «እዚያ ላይ ነበር!» ብላ አጨበጨበች። እኛም አብረናት አጨበጨብን። ምን እናድርግ፣ ልጆቼ?

ዴልፊን ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። «አላየሽውም፣ ናናይ። የለም። ከነገሩኝ ቆይቷል።»

ጭብጨባው ቀጥ አለ።

ከሲኒማ ቤት ስንመለስ አሊንግ ፓሲንግ በሯ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ስምህ ቢቀር ይቅር» አለችው ቀስ ብላ። «በሰው ፊት አስዋሸኸኝ።»

«አፍሬ ነው፣ ናናይ።»

«አሁን እኔም አፈርኩ። መሰላሉን ያዝልኝ።»

ራሷ ወጥታ ባነሩን ፈታችው።

በማግስቱ ዝናብ ጣለ። በደጃቸው ሳልፍ ዴልፊን ዝናብ በሚያፈሰው የማድ ቤት ጣሪያ ላይ ወጥቶ ያንን ባነር ይቸነክራል።

«ፎቶውን ወደ ውስጥ አዙረው!» ትለዋለች ከታች።

«ሰው እንዳያየኝ ነው?»

«ሩዝ ሳበስል እኔ እንዳይህ ነው፣ አንተ ሞኝ!»