ጾም ያልነው

«ልቧ ነው አሉ» አለች አንዷ ጎረቤት ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ሰርካለም ሰማቻት። ላንድማርክ ሰፈር ያለው የአፓርታማዋ ሳሎን በለቀስተኛ ተሞልቷል፤ ትልቋ ልጇ ሶልያና ከተቀበረች ሁለተኛ ቀኗ ነው። ልቧ መሆኑስ እውነት ነው። ግን የሃያ ዓመት ልብ እንዲያው አይቆምም፤ ፍሪጁ ጢም ብሎ በሞላበት ቤት፣ በረሃብ ነው የቆመው።

ከሦስት ዓመት በፊት ሶልያና ሁዳዴን ስትጾም ሰርካለም አውርታ አልጠገበችም ነበር። «እዚህ ፈረንጅ አገር ተወልዳ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አትቀምስም!» ፋሲካ አለፈ፤ ልጅቷ ግን አልፈሰከችም። ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት በዓለ ኀምሳ ሳህኗን ስትገፋ እናት ኮራች። ፀጉሯ ረገፈ፣ የወር አበባዋ ቀረ፣ በሐምሌ ሙቀት ሹራብ ደረበች። «ይሄ ጾም አይደለም፤ ሐኪም ዘንድ ውሰጂያት» ያሏት የንስሐ አባቷ ናቸው። ሐኪሟም የሚድን በሽታ ነው፣ ቶሎ ከተደረሰበት፣ አለች። ሶልያና ሁለቴ ሆስፒታል ተኝታ አገገመች። ሦስተኛው ላይ ልቧ አልጠበቃትም።

«ታናሿን እዪልኝ» አሉ ከሲልቨር ስፕሪንግ የመጡት እትዬ ተናኘወርቅ፣ ወደ ቤዚ እያመለከቱ። «ለእህቷ ነፍስ ስትጾም ይኸው ሁለት ቀኗ። የተባረከች!»

ሰርካለም ቀና አለች። የአሥራ ስድስት ዓመቷ ቤዚ ለእንግዳው ሁሉ ሳህን ታዞራለች፤ ራሷ አንዴም አልቀመሰችም። ጥቁር ቀሚሷ ወገቧ ላይ ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። መቼ ነው እንዲህ የከሳችው? ሁሉም ሶልያናን ሲያይ እሷን ማን አያት?

«ጾም አይደለም፣ እትዬ» አለች፣ ሳሎኑ ሁሉ እንዲሰማ። «ሶልያናንም ጾም ነው እያልኩ ነው የቀበርኳት። ልጄ መብላት የሚያስፈራ በሽታ ነበረባት።»

ቤዚ የያዘችውን ሳህን እናቷ ፊት አስቀመጠች።

«ማሚ፣ ስቶፕ! አይም ፋይን፣ ደህና ነኝ።»

«እሷም እንደዚሁ ነበር የምትለኝ። አሁን ለዶክተሯ ኮል አደርጋለሁ። ነገ ጠዋት ደምሽም ልብሽም ይታያል።»

«ነገ እኮ ሳልስቷ ነው!» አሉ እትዬ ተናኘወርቅ ደንግጠው። «እናት ከለቅሶ ቤት ትወጣለች?»

«እወጣለሁ። ለቅሶው ይጠብቀኛል።»

ደውላ ቀጠሮ ያዘች። ከዚያ ቤዚን እጇን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠቻት። እጇ በረዶ ነው። ሐኪሟ በሶልያና ጊዜ ያለችው ትዝ አላት፦ መቆጣት የለም፣ ብቻዋን መተው የለም፣ አብሮ መብላት ነው።

እሷ ራሷ ከቀብሩ ወዲህ ሲያጎርሷት ጥርሷን ነክሳ እንቢ ብላ ነበር። መብላት ልጇን መክዳት መስሏት። አሁን ግን ቤዚ ካስቀመጠችው ሳህን ሽሮውን በእንጀራ ጠቀለለች። እንባዋ እየወረደ፣ ቤዚ እያየቻት አኘከች። ታግላ ዋጠችው። ከዚያ ሳህኑን በሁለታቸው መካከል አድርጋ ጠበቀች።