ሕመሙ የተዋት ዕለት

ወልደሩፋኤል የወለተ ሥላሴን ጣት በመርፌ ሲወጋ ከደጅ እልልታው ቀለጠ። ልጅቷ አልጋው ላይ ተቀምጣ ሳቀች።

“ደግሞ ደም? ለማን ነው የምትቀልበው፣ ሐኪም?”

ጠዋት ቀኝ ጎኗን ይዛ እየጮኸች ወደ ጤና ጣቢያው በቃሬዛ የመጣች ናት። ትርፍ አንጀቷ መቆጣቱን ጠርጥሮ ለቀዶ ሕክምና ወደ ደብረ ብርሃን እንውሰዳት ቢል አባቷ መሪጌታ ገብረ ጻድቅ ጠበሉን መርጠው እዚያው አጠጧት። ቀትር ላይ ጩኸቷ በአንዴ ቆመ፤ ደጅ ያሉት ሴቶችም ጠበሉ አዳናት ብለው እልል አሉ።

“ሕመሙ ሲተውሽ ምን ተሰማሽ?”

“ውስጤ አንድ ነገር ፍርጥ አለ። ከዚያ ጸጥ።”

ግንባሯ ይፋጃል። ሆዷን ቢነካው እንደ ጣውላ ደርቋል።

ደሟን ይዞ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሰ። የ1954 ክረምት ጉም አንኮበርን ስለዋጣት በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን አመድ መስሏል። ጠዋት በመቁጠሪያው መስታወት ላይ ከተሰመሩት ሳጥኖች በአንዷ ውስጥ ነጫጮቹ የደም ሕዋሳት ስልሳ ነበሩ። አሁን ከጥግ እስከ ጥግ ተፋፍገው አፈጠጡበት፤ መቶ ሃያ። ሦስቴ ቆጠረ። ቤይሩት አራት ዓመት የተማረው ይህንኑ ነበር፤ ዛሬ ግን የገዛ ዓይኑን ተጠራጠረ።

መሪጌታ ከኋላው ቆመዋል።

“አንተ ልጅ፣ ልጄ ድናለች። ቤቷ ልውሰዳት።”

“ሆዷ ውስጥ መግል ፈሷል፣ መሪጌታ። ዛሬውኑ ቀዶ ሕክምና ካላገኘች ትሞታለች።”

“እየሳቀች?”

እሱም እየሳቀ የሚሞት ሰው አይቶ አያውቅም።

“እርስዎ ይቁጠሩ” አላቸው በመጨረሻ። “እነዚህ መግሉን ሊዋጉ የተጠሩ ናቸው። ጠዋት ስልሳ ነበሩ።”

መሪጌታ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አጎነበሱ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ደጅ ያሉት ሴቶች አልደከሙም።

“መቶ ሃያ ሦስት” አሉ። ደግመው ቆጠሩ። “መቶ ሃያ አራት።”

ቀና ሲሉ ፊታቸው ተለዋውጧል።

“የጤና ጣቢያው መኪና የት ነው?”

“ጭቃው አላሳልፍ ብሎት ከዳገቱ በላይ ቆሟል።”

ልጅቷን ቃሬዛው ላይ አስተኟት። የፊቱን እጀታ መሪጌታ፣ የኋላውን ወልደሩፋኤል ያዙ። ደጅ ሲወጡ እልል ባዮቹ ጉሙ ውስጥ መንገድ ለቀቁላቸው፤ ፊታቸው አይለይም።

“መሪጌታ፣ ቤትዎ በታች በኩል ነው እኮ!” አለች አንዷ።

ወለተ ሥላሴ አንገቷን ቀና አደረገች።

“አባባ፣ ወደ ቤት ነው አይደል?”

ወልደሩፋኤል የሽማግሌው ትከሻ ለአፍታ ቀጥ ሲል አየ።

“ወደ ቤት ነው የኔ ልጅ” አሉና ቃሬዛውን ወደ ዳገቱ አዞሩት።