አዋላጇና ሁለቱ ሽጉጦች

ሐምሳ አለቃ ካሣ ከፖሊስ ሠራዊት በጡረታ ሲወጣ ወደ አገሩ ወደ ደብረ ብርሃን አልተመለሰም። አሥራ ስድስት ዓመት የአሰብ ሙቀት አጥንቱ ድረስ ገብቶ ነበርና፣ "አሁን ብመለስ ብርዱ በሳምንቱ ይቀብረኛል" ይል ነበር። በሥራ ዘመኑ የመሣሪያ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበር። ከጡረታ በኋላ ወደ ወደቡ በሚወስደው መንገድ ዳር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየና የልብስ ስፌት መኪና፣ የእጅ ሰዓት፣ ፈቃድ ላለው ሰው ደግሞ ጠመንጃና ሽጉጥ መጠገን ጀመረ። ዕድሜው ሃምሳ ሁለት ነው። ሚስት አላገባም። ለምን ሲባል "መቼ ጊዜ አገኘሁና" እያለ ያልፈዋል፤ እውነቱ ግን ሴት ፊት ሲቆም ምላሱ ይተሳሰራል። ወሬው ስለ መሣሪያ ከሆነ ብቻ እንደ ልቡ ይናገራል።

በስድሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ጠዋት ሲስተር ጥላነሽ ወደ ሱቁ ገባች። ጥላነሽ አዋላጅ ናት። ከደሴ ተመድባ ከመጣች ስድስት ዓመቷ ሲሆን፣ በእነዚያ ዓመታት ከነዳጅ ማጣሪያው ሠራተኞች ሰፈር እስከ ዓሣ አጥማጆቹ መንደር የተወለደ ሕፃን አብዛኛው በእጇ አልፏል። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሞልቷታል፤ እሷም ባል የላትም። በሩን ገርበብ አደረገችና ከቦርሳዋ በጨርቅ የተጠቀለሉ ሁለት ነገሮች አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"ሐምሳ አለቃ፣ ምስጢር ይጠብቃሉ?"

"ሃያ ሁለት ዓመት የግምጃ ቤት ቁልፍ ይዤ ኖሬያለሁ፣ ሲስተር።"

"እንግዲያው ይፍቱት።"

ሁለቱም ሽጉጦች ነበሩ። አንደኛዋ ከመዳፍ የማትበልጥ፣ በኒኬል ተለብጣ የምታብረቀርቅ፣ የስፓኝ ሥራ፤ ባለ ሱቁ ዘይኑ በርካሽ ሊሸጥላት የሰጣት ናት። ሁለተኛው ጥቁር፣ ደልደል ያለ የጣሊያን ቤሬታ ነው። ባለቤቱ ኃይለጊዮርጊስ የአውሮፕላን ማረፊያው ሹም ሲሆን ወደ አዲስ አበባ ስለተዛወረ ከነወፍራም የቆዳ ማኅደሩ ሊሸጠው ነው። ዋጋው የትንሿን ሦስት እጥፍ ነው።

ሽጉጥ ያሳሰባት በሐምሌ መንገድ ላይ የደረሰባት ነው። ከአሰብ በስተ ሰሜን ወዳለችው የባሕር ዳር መንደር ወደ ዒድ ስትሄድ ሁለት ሰዎች የሐኪም ቤቱን ላንድሮቨር አስቁመው የመድኃኒት ቦርሳዋን ቀምተዋት ነበር። እሷንም ሹፌሩንም አልነኩም፤ ጥላነሽን ያንገበገባት ግን ምጥ የጠናባት እናት ዘንድ ባዶ እጇን መድረሷ ነው።

"ፈቃዱን አውጥቻለሁ" አለች። "ግን ከሻጮቹ በቀር ሽጉጥ መያዜን ማንም እንዲያውቅ አልፈልግም። ሌላ አንድ ሰው ካወቀ ሽፍታውም ይሰማል። ደግሞስ ምጥ የያዛት ሴት፣ አዋላጇ ታጥቃ ስትገባ ብታይ ምን ትሆናለች?"

"ቤሬታውን ይግዙ" አለ ካሣ ወዲያው።

"ሌላዋን እኮ አላዩዋትም!"

"ማየት አያስፈልገኝም።"

"እኔ ደግሞ ሳያየኝ መድኃኒት የሚያዝልኝን ሐኪም አላምንም።"

"እንግዲያው እሑድ ሁለቱንም ተኩሰን እናያለን" አለ ካሣ። ስለ መሣሪያ እየተወራ ሲረታ በሕይወቱ የመጀመሪያው ነበር።

እሑድ ማለዳ፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ከጨው ማምረቻው ወዲያ ወዳለው ባዶ የባሕር ዳርቻ ሄዱ። የዘይኑ ሚስት ረቢዓ አብራ መጣች። የጥላነሽ የልብ ጓደኛ ናት፤ ሳቋ ሰፊ ቢሆንም ምስጢር ከአፏ አይወጣም። ካሣ ባዶ የሳልሳ ጣሳዎች አሸዋው ላይ ደረደረ፤ አያያዙን፣ አተነፋፈሱን፣ ቃታው እንዴት በዝግታ እንደሚሳብ አሳየ። ስለ መሣሪያ ስለሆነ አፉ እንደ ወንዝ ይፈስ ነበር።

በትንሿ ተጀመረ። ሦስት ጥይት በደህና ወጣ፤ አራተኛው ግን መሐል ላይ ተቀረቀረ። ካሣ በጥፍሩ ፈልቅቆ አወጣውና አቀባብሎ ሰጣት። ሃያ ጥይት እስኪያልቅ አራት ጊዜ እንዲህ ነከሰች።

"ከባሌ ሱቅ መምጣቷ ያስታውቃል" አለች ረቢዓ። "ልክ እንደ እሱ ናት፤ አጥብቀሽ ስትፈልጊያት ትንተባተባለች።"

ከዚያ ቤሬታው ተነሣ። ሃያ ጥይት ሳያንገራግር ተፋ። ጥላነሽ ሦስት ጣሳ አከታትላ ስትጥል "እሰይ!" ብላ እንደ ልጅ ዘለለች፤ ጫማዋ ውስጥ አሸዋ ሞላ። ካሣ ጣሳዎቹን ሊለቅም ጎንበስ አለ እንጂ ዓይኑን ከእሷ ላይ ማንሣት ከብዶት ነበር።

"አላልኩም?" አላት።

"ብለዋል። ግን ይህን ግንድ የት ነው የምደብቀው?"

"ይዘው ይሞክሩታ። ብቻ ላብዎ እንዳይነካው፤ የአሰብ ላብ ብረት ይበላል።"

ጥላነሽም እንደተባለችው አደረገች። የመጀመሪያውን ሳምንት ትንሿን ያለ ጥይት መቀነቷ ውስጥ ሸጉጣ ዋለች፤ ማንም ልብ አላለም። በሁለተኛው ሳምንት ተራው የቤሬታው ሆነ። ላብ እንዳይነካው ከነማኅደሩ በጥጥና በፋሻ ጠቅልላ፣ ከነጩ የሥራ ልብሷ ሥር ሆዷ ላይ አሰረችው። እንዳይንሸራተትም እየሄደች በእጇ ደገፍ ታደርገው ነበር።

ሐሙስ ቀን ጎረቤቱ ፍቃዱ ከማጣሪያው ሥራ ሲወጣ በቀጥታ ወደ ካሣ ሱቅ መጣ። ባርኔጣውን አወለቀና በሩን ዘጋ።

"ካሣ ወንድሜ፣ እንኳን ደስ አለህ።"

"ለምኑ?"

"ብትደብቀኝም ሰምቻለሁ። በዚህ ዕድሜህ! እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው። ግን ነገሩ በወግ ቢሆን ይሻላል። ሲስተር ጥላነሽ የሁላችንንም ልጆች ያዋለደች ሴት ናት።"

"ሲስተር ጥላነሽ ምን ሆነች?"

"ሆዷ ገፋ እንጂ! ሰኞ ለት ሚስቴ አየች፤ ማክሰኞ ሰፈሩ ሁሉ አየ። ሆዷን እየደገፈች ነው የምትሄደው። እዚህ ሱቅህ ስትመላለስ ከርማለች፤ እሑድ ማለዳም ከባሕር ዳር አብራችሁ ስትመለሱ ባለ ታክሲው አይቷችኋል።"

የገፋው ሆድ ምን እንደሆነ ካሣ ያውቃል፤ ከጥጡና ከፋሻው በታች ያለው የኃይለጊዮርጊስ ቤሬታ ነው። "ሽጉጥ ነው" ቢል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ግን ይህችን ቃል ለፍቃዱ ቢነግረው ሚስቱ ለምሳ፣ ወደቡ ሁሉ ለእራት ይሰማታል፤ ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ከዒድ መንገድ ሽፍቶች ጆሮ ትደርሳለች። ቃል ገብቷል። ከንፈሩን ነክሶ ዝም አለ።

"ዝምታ እሺታ ነው" አለ ፍቃዱ።

ያን ጊዜ ካሣ ከአፉ የወጣውን ቃል እንደ ሌላ ሰው ቃል ሰማው። "ፍቃዱ፣ ሽማግሌ ትሆነኛለህ?"

ፍቃዱ አቅፎ ሳመውና እየተጣደፈ ወጣ። ካሣ ብቻውን ቀረ። ምን አድርጌአለሁ? ከሌላ ሰው ሳትሰማ ሄጄ ልንገራት ብሎ ሱቁን ሳይቆልፍ ተነሣ። ጥላነሽን ከረቢዓ ጋር በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ አገኛት። ቆሞ፣ ባርኔጣውን በእጁ እያሽከረከረ፣ የሰማውን ሁሉ ተናገረ። ገና ሳይጨርስ ረቢዓ ከወንበሯ ተንሸራትታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ጥላነሽም ዕንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። በሳቋ ቁጥር ቤሬታው ሆዷ ላይ ይዘል ነበር።

ትንፋሿ ሲመለስ ጠየቀችው። "ታዲያ ሽጉጥ ነው አይሉትም?"

"ምስጢር ነው ብለውኛል።"

"ስምዎ ሲጠፋ?"

"የእኔ ስም . . ." ካሣ አቀረቀረ። "እውነቱን ልንገርዎ፣ ስለ እኔ እንዲህ ያለ ደስ የሚል ሐሜት ተወርቶ አያውቅም።"

ጥላነሽ መሳቋን አቆመች።

"ለፍቃዱስ ምን አሉት?"

"ሽማግሌ ሁነኝ አልኩት።"

ረቢዓ ድንገት እሳት ላይ የጣደችው ወጥ ትዝ አላትና ሻሿን እያጠባበቀች ወጣች።

"አስበውበት ነው ወይስ ደንግጠው?" አለች ጥላነሽ።

"ደንግጬ ነው። ከአፌ ሲወጣ ግን ለካ ሐሳቡ ልቤ ውስጥ ሰነባብቷል፤ መውጫ አጥቶ እንጂ።"

ጥላነሽ ከበረንዳው ወደ ባሕሩ ተመለከተች። ጉንጯ ቀልቶ ነበር። "እንግዲያው ሽማግሌዎቹ በሚመጣው እሑድ ይምጡ" አለች ቀስ ብላ። "ከዚያ በፊት ግን ይህን ጉድ ከሆዴ ላይ የማነሣበትን ዘዴ ፈልግልኝ።"

ካሣ ወደ ሱቁ ሲመለስ መንገዱ አልታወቀውም። "ፈልግልኝ" ነው ያለችው። "ይፈልጉልኝ" አላለችም።

በዚያ ሌሊት እንቅልፍ ሳይወስደው ሽጉጡን ለብቻው ማሰቡ ስሕተት እንደነበር ገባው። ቤሬታው ወፍራም አልነበረም፤ ወፍራሙ ማኅደሩና ፋሻው ነው። በማግሥቱ ስስ የፍየል ሌጦ ገዛ፤ ላብ እንዳያሳልፍ በውስጡ ሰም የጠጣ ሸራ ገበረለትና በስፌት መኪናው ከግራ ብብት ሥር ጠፍጥፎ የሚውል ማኅደር ሰፋ። የመጀመሪያው ብብቷን ላጣት። ሁለተኛው ጎንበስ ስትል ተንሸራተተ፤ አዋላጅ ደግሞ ጎንበስ ሳትል አትውልም። ሦስተኛው ልክ ሆነ። ረቢዓ አስቁማ አስሄደቻት፣ አስጎነበሰቻት፣ እጇን ወደ ላይ አስነሣቻት፣ ዙሪያዋን ዞረች።

"ወላሂ የለም!" አለች። "የት አደረግሽው?"

ቤሬታው ተገዛ። ትንሿን ሽጉጥ ካሣ ራሱ ለዘይኑ መለሰለት። "ለመሳቢያ ትበቃለች፤ ለመንገድ ግን አትበቃም" አለው።

ዘይኑ ቅር አላለውም። "ወላሂ ሐምሳ አለቃ፣ እኔም ብሆን ጣሊያኑን ነበር የምገዛው።"

"ታዲያ ለምን አልነገርካትም?"

"ነጋዴ ነኝ እኮ!"

ሽማግሌዎቹ እሑድ ሄዱ፤ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ሠርጉ ሆነ። ከማጣሪያው፣ ከወደቡ፣ ከሐኪም ቤቱ ያልመጣ ሰው አልነበረም። ጥላነሽ ካዋለደቻቸው ሕፃናት የቆሙት ሙሽሮቹን ተከትለው ሲጨፍሩ፣ የታቀፉት ሲያለቅሱ አመሸ። የሴቶቹ ዓይን ሁሉ የሙሽራይቱ ወገብ ላይ ነበር፤ ወገቧም ቀጭን ነበር። ፍቃዱ ሚዜ ሆኖ ከሙሽራው ጎን ተቀምጦ በጣቶቹ ወር ቆጠረ፣ ደግሞ ቆጠረ።

"ካሣ፣ ያ ሆድስ?" አለው በጆሮው።

"የምን ሆድ?" አለ ካሣ፣ ጠጁን አንሥቶ።

ከሠርጉ በኋላ ባለው ሳምንት ከዒድ መልእክት መጣና ጥላነሽ ተጠርታ ሄደች። ካሣን አራት ቀን ሥራ አልያዝልህ አለው፤ አንድ የእጅ ሰዓት ሦስት ጊዜ ፈትቶ ገጠመ። በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ላንድሮቨሩ ከሱቁ በር ሲቆም መዶሻውን እንደያዘ ሮጦ ወጣ። ጥላነሽ አቧራ ለብሳ፣ በፈገግታ ወረደች።

"መንታ!" አለችው። "ሁለቱም ሴቶች፤ እናቲቱም ደህና ናት። ሽጉጡን ማውጣት አላስፈለገኝም። ና እስቲ አውርድልኝ፤ አያትየዋ ካልወሰድሽ አልለቅሽም አሉኝ።"

ከመኪናው የኋላ ወንበር ላይ አንዲት ነጭ ፍየል የሹፌሩን ኮት እያኘከች ካሣን ታየው ነበር። ካሣ መዶሻውን አስቀመጠና ፍየሏን በሁለት እጁ አቅፎ አወረዳት።