ለመንፈሱ የሚሰጥ ሽታ

ፍርሃት አይደለም፣ ደስታ ነው፣ እሺ ትንሽ ፍርሃትም አለበት፣ ግን ይኸው ደረሰ፣ ከልጅነቴ ስመኘው የኖርኩት ሥርዓት ዛሬ በእኔ እጅ ነው፣ የላውንደሪው በር ላይ «ለምሳ ወጥተናል» የሚለውን ካርቶን ሰቅያለሁ፣ ቁልፉን ሁለቴ አዙሬዋለሁ፣ አክስቴ ወንበሯን በሩ ላይ አስደግፋ ተቀምጣለች፣ ካውያው ግሏል። ከመተኮሻው ጠረጴዛ ስር ወንድሜ አለ። በአራት እግሩ።

ዘጠነኛ ቀኑ ነው። እኛ ቤት ተኩላ መሆን ብርቅ አይደለም፣ ተኩላ ሆነን እንሮጣለን፣ ሰው ሆነን ሥራ እንገባለን፣ ጎረቤት አያውቅም፣ እሱ ግን በዚያው ቀረ፣ መመለሻው ጠፋበት፣ ዛሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ ካልተመለሰ በቃ፣ ዕድሜ ልኩን እንዲሁ ነው። መመለሻውን የሚሰጥ መንፈሱ፣ መንፈሱን የሚለምን አዋቂ፣ የእኛ አዋቂ ደግሞ አክስቴ ነበረች፣ ዘንድሮ አፍንጫዋ ጭራሽ እምቢ አላት፣ ጉንፋን ነው ትላለች፣ የምን ጉንፋን ነው ዓመት ከዓመት የማይለቅ፣ ለማንኛውም ተራው የእኔ ሆነ፣ ወንድሜ እግሬ ስር እያቃሰተ ደስ ይለኛል፣ ነውር ነው፣ ደስ ይለኛል።

አንቺ፣ ፈዘሽ ቀረሽ እንዴ፣ ትለኛለች፣ ሸሚዙን ገልብጪው። እሺ አክስቴ። የእሱ ሸሚዝ ነው፣ አውልቆ ጥሎት የሄደው፣ ሳላጥበው ያስቀመጥኩት፣ ውስጡ ወደ ውጭ፣ አንገትጌው ወደ በሩ፣ ውሃ እረጭና ካውያውን እጫንበታለሁ፣ እንፋሎቱ ሲነሳ አጎንብሼ በአፍንጫዬ አንጎራጉራለሁ፣ አፍ አይከፈትም፣ መንፈስ ጆሮው ስስ ነው። ከዚያ ስጦታ። ደም አይጠጣም፣ ሥጋ አይበላም፣ ሽታ ነው የሚቀበለው፣ የማውቀውን አንድ ሽታ በልቤ ይዤ እንካ እለዋለሁ፣ ከወሰደው የአፍንጫዬ ጫፍ በረዶ ይሆናል፣ ያ ሽታ ዳግመኛ አይሸተኝም።

እኔ ደግሞ ብልጥ ነኛ፣ ሳምንቱን ሙሉ አስቤበታለሁ፣ የቤንዚኑን ነው የምሰጠው፣ እድፍ የምናስለቅቅበትን፣ ስድስት ዓመት ራሴን ሲያዞረኝ የኖረውን፣ እሱም ይመለሳል እኔም እገላገላለሁ።

እንፋሎቱ ይነሳል፣ ቀጥ ብሎ አይወጣም፣ ይዞራል፣ መጣ፣ አምላኬ፣ በእኔ ጥሪ መጣ፣ የፀጉሬ ሥር ሁሉ ይቆማል፣ ቤንዚኑን እንካ፣ ሙሉውን ውሰደው። ምንም። አፍንጫዬ ትኩስ ነው። አክስቴ ትስቃለች፣ የጠላሽውን ሰጠሽው አይደል፣ እኔም መጀመሪያ እንደዚያው አድርጌያለሁ፣ የምትወጅውን ነው እንጂ የሚፈልገው። ታዲያ ቀድመሽ አትነግሪኝም ነበር። ብነግርሽ እሺ ትዪ ነበር ወይ።

እሺ፣ ዝናብ፣ ደረቅ አፈር ላይ የወረደ የመጀመሪያ ዝናብ፣ ያን እወዳለሁ፣ እንካ፣ የአፍንጫዬ ጫፍ ቀዝቀዝ ይላል፣ መልሶ ይሞቃል፣ አልበቃውም። በር ይንኳኳል፣ ኮቴን ልወስድ ነበር ይላል አንድ ሰውዬ፣ ምሳ ላይ ነን ልጄ፣ ኮትህ የትም አይሄድ፣ ትለዋለች፣ እንፋሎቱ እየሳሳ ነው፣ ከሄደ ዛሬ አይመለስም፣ ወንድሜ ያቃስታል፣ እንደ ሰው ነው የሚያቃስተው፣ ጎንበስ እላለሁ፣ ሸሚዙ ፊቴ ላይ።

ብረት። ብየዳ። የልብስ ሳሙና። ከሁሉ ስር እሱ ራሱ፣ እናታችን ሥራ ስታመሽ በአንድ ብርድ ልብስ ተጠቅልለን፣ አይዞሽ አለሁ ሲለኝ፣ እሱ ቀድሞኝ እንቅልፍ ሲወስደው እንኳ ሽታው አይዞሽ ይለኝ ነበር።

አይሆንም። ይሄን አይደለም። ሌላ ልስጥህ፣ ሦስት ልስጥህ፣ አፍንጫዬ ግን ከአሁኑ መቀዝቀዝ ጀምሯል፣ እሱን ነው የሚፈልገው፣ ቀና ብዬ አክስቴን አያታለሁ፣ አትስቅም። ገባኝ። ጉንፋን አይደለም፣ ጉንፋን ሆኖ አያውቅም፣ የምትወደውን ሽታ አንድ በአንድ ሰጥታው ነው፣ ስለ አጎቴ፣ ስለ እናቴ፣ አሥራ ሁለት ዓመቴ ሳለ እኔም ሦስት ቀን ተኩላ ሆኜ ቀርቼ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ አክስቴ አንገቴ ስር ገብታ አሽትታኝ አታውቅም፣ ተቀይማኝ ይመስለኝ ነበር።

እንካ። እንካ ውሰደው፣ እሱን መልስልኝ።

በረዶ።

ጠረጴዛው ይንገዳገዳል፣ እጅ፣ የሰው እጅ፣ አምስት ጣት፣ ከዚያ ያ የማውቀው ጎፈሬው፣ አንሶላ እወረውርለታለሁ፣ የደንበኛ ነው፣ ይሁን፣ እህቴ ይላል፣ ድምፁ ዝጓል፣ እህቴ ይላል እንደገና፣ አንገቱ ላይ እጠመጠማለሁ፣ እስቃለሁ፣ አለቅሳለሁ፣ ተመለሰ፣ እኔ መለስኩት፣ አፍንጫዬን አንገቱ ስር ቀብሬ እምጋለሁ፣ ደግሜ እምጋለሁ፣ ሙቀት ብቻ ነው፣ ሌላ ምንም የለም። ተይኝ እባክሽ፣ ይላል እየሳቀ፣ ዘጠኝ ቀን አልታጠብኩም፣ እንዴት ቻልሽው፣ አልገማሁሽም እንዴ።

አክስቴ ታየኛለች።

ጉንፋን ይዞኛል፣ እለዋለሁ።