ይዟል?

ሦስተኛው ሴንሰር የተገኘው ከዩኒፎርም ሹራብ እጅጌ ውስጥ ነው። እናትየው ልብስ ልታጥብ እጅጌውን ስትገለብጠው ዱብ አለ፤ የኮት ቁልፍ የሚያህል ነጭ ነገር፣ ሙጫው ላይ የሹራብ ብናኝ ለብሶ። ለባሏ ሳታሳይ ልትደብቀው አስባ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ ሰውየው በሩ ላይ ቆሞ ያያታል።

«ደግሞ ወደቀ?» አለ።

«ወደቀ።»

በቃ፣ ጉድ ፈላ። ሰፈሩ ከኋላው «አቶ ቱግ» የሚለው በከንቱ አይደለም። ሠላሳ ዓመት ጫማ ሲሠራ ያልተጣላው ደንበኛ የለም፤ ግን ሥራው ስለማይታማ የተሰደበውም ደንበኛ ተመልሶ ይመጣል። እሱ የለጠፈው ሶል፣ ጫማው ራሱ ቢያልቅ አይነሳም። እንግዲህ የዚህ ሰውዬ ልጅ ክንድ ላይ ነው አንዲት ቁልፍ የምታህል ነገር አልይዝ ያለችው። አንጀቱን ያሳረረው ይኼ ነው።

«አሥራ አራት ቀን ይቆያል ብለው አይደል የሰጡን? አሥራ አራት! ይኼ አምስት ቀን እንኳ አልሞላውም! በምንድነው የሚለጥፉት፣ በምራቅ ነው?»

«እኔን ምን ትጮህብኛለህ፤ እኔ አልሠራሁት» አለች እናትየው።

ጩኸቱ ግን የቁጣ ብቻ አልነበረም፤ ፍርሃትም ነበረበት። ልጅቷ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ስኳር የያዛት በዘጠኝ ዓመቷ። ሌላው የስኳር ሕመምተኛ ስኳሩ ሲወርድ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ቀድሞ ያውቀዋል። እሷ አይታወቃትም። ባለፈው ዓመት ክፍል ውስጥ ጥያቄ ልትመልስ ተነስታ እዚያው ዝልፍልፍ ብላ ወደቀች። ክሊኒኩ ሴንሰር የጀመረላት ከዚያ ወዲህ ነው። ክንዷ ጀርባ ላይ ይለጠፋል፤ ፀጉር የመሰለች ክር ከቆዳዋ ሥር አስገብቶ ስኳሯን ወደ ስልክ ይልካል፤ ሲወርድ ስልኩ ይጮኻል። በወር ሁለት ነው የሚሰጣት፤ ቢወድቅ ወሩ እስኪዞር ምትክ የለም።

በዚያ ላይ በሚቀጥለው ሐሙስ የትምህርት ቤቷ የመረብ ኳስ ቡድን ለአራት ቀን ውድድር ሌላ ከተማ ይሄዳል። አሰልጣኟ ቁርጡን ተናግራለች፤ ሴንሰር ክንዷ ላይ ከሌለ አትወስዳትም። ልጅቷ ሁለት ዓመት ሙሉ የተጠባባቂ ወንበር ስታሞቅ ኖራ፣ ቋሚ ተሰላፊ የሆነችው ገና ዘንድሮ ነው። ቤት ውስጥ የቀረው ሴንሰር ደግሞ አንድ ብቻ ነበር።

በማግሥቱ አባትየው የወደቀውን ሴንሰር በወረቀት ጠቅልሎ ክሊኒክ ሄደ። የስኳር ክፍሏ ነርስ ጠረጴዛ ላይ ዱብ አደረገው።

«ሲስተር፣ ይኼ ዕቃ ነው ወይስ ቀልድ?»

ነርሷ ለጩኸት ደንታ የሌላት ሴት ናት፤ ሃያ ዓመት ሰምታዋለች። «ይቀመጡ አባት» አለችው።

«አልቀመጥም!»

«እንግዲያው ቆመው ይስሙኝ። ቆዳው በሳሙና ይታጠባል፣ በደንብ ይደርቃል። ቅባት፣ ሎሽን፣ ምንም አይነካውም። ከዚያ በአልኮል ይጠረጋል፤ አልኮሉ ተኖ እስኪያልቅ ይጠበቃል። ከተለጠፈ በኋላ ዙሪያውን በጣት ጫን አድርጎ መያዝ ነው። በላዩ ይህን ፕላስተር ደርቡበት።» ፖስታ ውስጥ የታሸገ ሰፊ ፕላስተር አቀበለችው። «ከዚያ በኋላ እጅ የሚባል ነገር አይድረስበት።»

«አንቺ፣ እኔን ነው ማጣበቅ የምታስተምሪኝ? ሠላሳ ዓመት እንጀራዬ እኮ ነው!»

«ካወቁበትማ ለምን ይወድቃል?»

ይኼ ጥያቄ ይብስ አበሸቀው። ፖስታውን ኪሱ ከትቶ፣ በሩን ወርውሮ ዘግቶ ወጣ። መንገዱን ሙሉ ለነርሷ ሊመልስላት ይገባ የነበረውን መልስ ብቻውን ሲመልስ ሄደ።

ቤት እንደደረሰ ምርመራ ጀመረ። መጀመሪያ ሚስቱን፣ «ሎሽን ቀብተሻታል!» አላት። «ኧረ አልቀባኋትም» ብላ የሎሽኑን ጠርሙስ አምጥታ አፍንጫው ሥር ያዘችለት፤ ከተከፈተ ወር ያለፈው፣ አፉ የደረቀ ጠርሙስ ነው። ከዚያ ወደ ልጁ ዞረ።

«ታኪዋለሽ!»

«አላክም።»

«በቦርሳሽ ማንገቻ ትፈትጊዋለሽ!»

«በሌላው ትከሻዬ ነው የምይዘው።»

«ታዲያ ራሱ ተነስቶ ሄደ በይኛ!»

ልጅቷ አንድ ነገር ልትል ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። አባቷ ግን አላያትም፤ የሴንሰሩን ፋብሪካ መራገም ጀምሯል።

ዓርብ ከሰዓት የመጨረሻውን ሴንሰር ራሱ ለጠፈው። እውነቱን ለመናገር አለጣጠፉ የሚያስቀና ነበር። የነርሷን ትእዛዝ አንድም ሳያጎድል ፈጸመው፤ ምክንያቱም የሶልም ሕግ ያው ነው። ግራ ክንዷን አሳጠበ፣ በንጹሕ ፎጣ አደረቀ፣ በአልኮል ጠረገ። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ መጠበቅ አይችልም። እሱ ጠበቀ። ሴንሰሩን ቀጭ አድርጎ ከለጠፈ በኋላ መዳፉን አልብሶት እስከ ስልሳ ቆጠረ፤ ሙጫ ሙቀት ይወዳል። ስልኩ ቁጥሩን ማሳየት ሲጀምር ፊቱ በራ።

«ፕላስተሩስ?» አለች እናትየው።

«የምን ፕላስተር! በሥራ ላይ ሌላ መለጠፊያ የሚደርብ በሥራው የማይተማመን ነው» አለና ፖስታውን መሳቢያ ውስጥ ወረወረው።

ቅዳሜ ጧት ልጅቷ ገና ፊቷን ሳትታጠብ «ነይ እስቲ» አላት። እጅጌዋን ሰበሰበች። የቀኝ አውራ ጣቱን ጥፍር ከጠርዙ ሥር ሸጎጥ አድርጎ፣ ወደ ላይ ሞከር አደረገና «ይዟል!» አለ። ጫማም ቢሆን ዙሪያውን በጥፍሩ ሳይፈትሽ ለባለቤቱ አይሰጥም። እሁድም ፈተሸ፤ ይዟል። ሰኞ ጥፍሩ ትንሽ ገባለት። ማክሰኞ ጧት ጠርዙ በአንድ በኩል የምስር ፍሬ ያህል ተነስቶ ነበር። በጥፍሩ ገፋ ሲያደርገው ሌላም ተነሳ።

ያን ቀን ሱቁን አልከፈተም። ከአሁን በኋላ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ አያጠራጥርም፤ አሰልጣኟ ናት! ኳስ እያስመታች፣ መሬት ላይ እያንከባለለች፣ የልጁን ክንድ የምታበላሽ እሷ ናት። በሽርጡ እንዳለ፣ ማስቲሽ ማስቲሽ እየሸተተ፣ ልምምድ መሐል ሜዳው ላይ ከች አለ።

«አንቺ ልጅ! ልጄን ምን እያደረግሻት ነው?»

አሰልጣኟ ፊሽካዋን ከአፏ አወጣች። «ምን ሆነ አባት?»

«ሴንሰሩ እየተነሳ ነው! አራት ቀኑ ነው! እኔ የለጠፍኩት ነገር በአራት ቀን አይነሳም፤ ከዚህ ነው የሚመጣው! ኳሱ ነው! ወይ አንዷ ጎትታታለች! የትኛዋ ናት?»

«ማንም አልጎተታትም። ኳሱም ክንዷን ከኋላ አይመታም፤ ከፈለጉ ቆመው ይዩ።»

«ቆሜ አላይም! እንደዚህ ሆና ሐሙስ ትቅር ልትይ ነዋ! በእናንተ ጥፋት ልጄ ትቅር?»

ከልጃገረዶቹ አንዷ ሳቋ አመለጣት። አንዷ ደግሞ «ቱግ አለ» ስትል ተሰማ። የጫማ ሠሪው ልጅ መረቡ ሥር ኳስ አቅፋ ቆማ ነበር። ኳሱን መሬት ላይ አስቀመጠችው፤ ቀስ ብላ ነው ያስቀመጠችው።

«አንተ ነህ» አለች።

«ምን?»

«አንተ ነህ የምታነሳው! በየጧቱ! በጥፍርህ!» ድምጿ ተንቀጠቀጠ እንጂ አልቀነሰም፤ የማን ልጅ ናት። «እናቴን ጮህክባት፣ ሲስተርን ሰደብካት፣ አሁን ደግሞ እዚህ መጥተህ አዋረድከኝ! እኔ ነክቼው አላውቅም። በግራ ጎኔ መተኛት ከተውኩ ስንት ጊዜዬ ነው፤ አንገቴ ተጣሟል! አንተ ግን ጧት ጧት መጥተህ ትቆሰቁሰዋለህ!»

«እኔ እኮ... ይዞ እንደሆነ ነው የማየው።»

«ይዞ ነበር! አንተ እስክታየው ድረስ ይዞ ነበር!»

«ታዲያ ለምን አትነግሪኝም?»

«መቼ? ስትጮህ ነው ወይስ ልትጮህ ስትል?»

ክው አለ። ያቺ የሳቀችው እንኳ ጫማዋን ታያለች። ሰውየው ቀኝ እጁን አንስቶ አውራ ጣቱን አየ። ሌሎቹ ጥፍሮች አጫጭር ናቸው፤ ይህችን ግን ለሥራ ብሎ ያሳደጋት ናት፤ ወፍራም፣ ቢጫ፣ ሥሯ በማስቲሽ የጠቆረ። ደንበኛ ጫማውን ተቀብሎ ሶሉን በጥፍሩ መነካካት ሲጀምር ምን ብሎ እንደሚጮህበት ትዝ አለው። «ተው አትነካካ! እየነካካህ ነው የምታስነሳው!» ይላል። ስንቱን ብሏል!

ምንም ሳይናገር ዞሮ ሄደ። ሱቁን ከፍቶ ገባና ከውስጥ ቀረቀረው። በገዛ ራሱ ላይ የነደደውን ንዴት የት እንደሚያደርገው ጠፋው፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን የሚጮህበት ሰው ይፈልግ ነበር። «ደንቆሮ!» አለ ለራሱ፤ «አንተ ደንቆሮ ሽማግሌ!» የቆዳ ቢላውን አንስቶ ያችን ጥፍር ከሥሯ ቆረጣት። ትንሽ ደምቷል፤ የታባቱ።

ቤት ሄዶ ፖስታውን ከመሳቢያ አውጥቶ ወደ ሱቁ ተመለሰ። ፕላስተሩን ዘርግቶ ለካ። ለሴንሰሩ የሚሆነውን ክብ ቀዳዳ መሀሉ ላይ በቀበቶ መብሻው በሳ፤ በመቀስ አሰፋው። ከዚያ አራቱን ማዕዘኖች ቆርጦ አሞለሞላቸው፤ ማዕዘን ያለው መለጠፊያ መነሳት የሚጀምረው ከማዕዘኑ ነው። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ሙጫውን የሸፈነውን ወረቀት ጫፉን እንኳ አልገለጠም።

ወደ ማታ ልጅቷ ቤት ስትገባ ፕላስተሩ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አባቷ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሁለት እጆቹን ጭኖቹ ሥር ቀብሯቸዋል።

«ለክተህ ነው የቆረጥከው?» አለች፤ ኩርፊያዋ ገና አልለቀቃትም።

«ለክቼ ነው።»

«የምንለጥፈው እኔና እማዬ ነን።»

«እናንተው ናችሁ።»

እናትየው የሴንሰሩን ዙሪያ በአልኮል ጠረገች፤ ሁለቱም ጠበቁ። ልጅቷ በመስተዋት እያየች ቀዳዳውን ሴንሰሩ ላይ አስተካክላ አወረደችው፤ እናቷ ዙሪያውን ዳበሰች። የተነሳው ጠርዝ ከፕላስተሩ ሥር ተኛ።

«ከመሀል ወደ ዳር ነው እንጂ እንደሱ አይ...»

«አባዬ!»

«እሺ። እሺ አልኩ።»

ረቡዕ ጧት ቁርሱን ሳይበላ ሹልክ ብሎ ሥራ ሄደ፤ ቤት ከቆየ ራሱን አያምነውም። ቀኑን ሙሉ ያች ጥፍሯ የተቆረጠ ጣቱ ስታሳክከው ዋለች።

ሐሙስ አውቶቡሱ ዘግይቶ መጣ። አባትየው በሹፌሩ ላይ አንድ ዙር ጮኸ፤ ሻንጣ በሚጭነው ሰውዬ ላይ ደግሞ ሌላ። አሰልጣኟ የስም ዝርዝር ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ልጅቷ ተራዋ ደርሶ ቀረበች። አሰልጣኟ ልጅቷን አለፍ አድርጋ ከኋላዋ የቆመውን ሰውዬ አየችው።

«አባት፣ ሴንሰሩስ? ይዟል?»

ሁለት ጧት ሳያየው ቀርቷል። ሐቁን ለመናገር፣ በዚያች ደቂቃ ያን ጠርዝ ለማየት የሱቁን በር ከነቁልፉ ይሰጥ ነበር። ሹራብ ነው የለበሰችው፤ እጅጌዋን ሰብሰብ ማድረግ ብቻ ነው። እጆቹን ኪሱ ውስጥ ይበልጥ ከተታቸው፤ ከዚያ ቱግ አለ።

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? ክንዱ የኔ ነው እንዴ? የምን ሰውን አልፎ ሌላ መጠየቅ ነው! እሷን ጠይቂያት!»

አሰልጣኟ ደነገጠች። ልጅቷ ዞር ብላ አባቷን አየችው፤ ስንት ዓመት ሲጮህ ኖሮ ለእሷ ሲጮህ የመጀመሪያው ነው።

«ይዟል» አለች ለአሰልጣኟ። ስልኳን አውጥታ ቁጥሩን አሳየቻት። ስሟ ላይ ምልክት ተደረገ፤ ወደ ውስጥ ገባች።

አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ልጅቷ በመስኮቱ ብቅ አለች። በዚያው በግራ ክንዷ፣ ሰፋ አድርጋ፣ ትከሻዋ እስኪነቃነቅ እያውለበለበችለት ነው። አባቷ «በእሱ አታውለብልቢ፣ ይነሳል!» ሊል አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው።